ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ መርገጫው ተንቀጠቀጠ፤ ጥፋቴ ምን ነበር?

አዲስ ሾፌር ከሆጤ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አምስት ወር ሆኖኛል። መኪናዬ ያገለገለች ኦቶማቲክ ቪትዝ ናት። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ራሴን ጎበዝ ሾፌር አድርጌ እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ ስለወለደች እናቴን ይዤ አራስ ልንጠይቅ ወረድን። እናቴ የገንፎ ዱቄት፣ በጠርሙስ የተነጠረ ቅቤና ሠላሳ እንቁላል ይዛለች። እንቁላሉን በጭድ ሸፋፍና ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ከደሴ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ አስፋልቱም ርሷል። ፊት ፊቴ አንድ አይሱዙ ይሄዳል። መንገዱ ስለማይታየኝ የእሱን የኋላ መብራት ምሪት አድርጌ ተከተልሁት። ሐረጎ ላይ አንዱን ጥምዝ እንደጨረስን አይሱዙው ድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። እሱ ከፊቴ ዞር ሲል ገለባ የተጫነ አህያ መንገዱ መካከል ቆሟል።

ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። መርገጫው እግሬ ሥር ድድድድ እያለ ተንቀጠቀጠ። አንዳች ነገር የተሰበረ መስሎኝ ደንግጬ ለቀቅሁት፤ ከዚያ እንደገና ረገጥሁት። መኪናዋ ጥቂት ሸርተት ብላ ከአህያው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ከኋላዬ ተጠግቶኝ የነበረ ሚኒባስ ክላክሱን እያስጮኸ በግራዬ በኩል አመለጠ። አህያው ከቆመበት አልተነቃነቀም። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና ጭዱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «አብሽሪ፣ አሥራ አንዱ ተርፏል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ምክር በየቤቱ ነው። ባለቤቴ ቁልቁለት ላይ ማርሹን «ኤን» (ነፃ) ላይ አድርጊው፣ ነዳጅም ይቆጥባል ይላል። ወንድሜ እግርሽን ከፍሬን ሳታነሺ ኮምቦልቻ እስክትገቢ ነካ ነካ አድርጊው ይላል። የተማርሁበት ማሠልጠኛ ያስተማረኝ ሜዳ ላይ በተተከሉ ዘንጎች መካከል ወደ ኋላ መሄድን ነው፤ ዘንግ ደግሞ ገለባ ተጭኖ አይቆምም። ከኋላ የሚጠጋኝንስ ምን ላድርገው? ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ።

የጦሳው፦

እኅቴ፣ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፣ ሐረጎን ሁልጊዜ የምወርደው በፎሌ፣ ማለትም በ«ኤን» ነው። ባልሽ እውነቱን ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ጥምዝ ላይ ክላክስ አድርጊ፣ ፍሬንሽ ደህና መሆኑን አረጋግጪ፤ በቃ። አህያ እንደሆነ ክላክስ ሲሰማ ይሄዳል።

ጡረተኛው ባለተሳቢ፦

ልጄ፣ እንኳን አተረፋችሁ። እኅትሽም እንኳን በሰላም ተገላገለች። የጦሳው የሚባለው ልጅ ከእኔ የተሻለ ዓይን ይኖረው ይሆናል፤ አህያ በክላክስ ይሄዳል የሚል ሰው ግን አህያ ነድቶ አያውቅም።

እኔ በ1968 ዓ.ም. በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ነው የጀመርሁት። ሥራዬ መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት፣ ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን ማዳመጥና ሻይ ማምጣት ነበር። ከአሰብ እንነሣለን፤ ማንዳን፣ ኤሊዳርን፣ ሎጊያን፣ ሚሌን አልፈን ባቲ ስንደርስ የበረሃው ወላፈን ይለቀናል። ኮምቦልቻ አድረን አንዳንዴ ሐረጎን ወጥተን ደሴ እናራግፋለን፣ እህል ጭነን እንወርዳለን። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ኑሮዬ እዚያ መስመር ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ አለቃዬ ስለታመመ ሌላ ሾፌር ተክቶት እህል ጭነን ከደሴ ስንወርድ የሆነውን ልንገርሽ። ሰውዬው ቸኩሏል። ማርሹን ከፍ አድርጎ፣ ፍሬኑን እንደ ወንድምሽ ምክር ነካ ነካ እያደረገ ይወርዳል። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አንድ ጊዜ አፍንጫሽ ከገባ ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ የጠጉርና የላስቲክ እሳት አንድ ላይ የሸተተ ይመስላል። ቀጥሎ ከተሳቢው የኋላ ጎማ ጭስ ወጣ። ሾፌሩ «ኧረ አልይዝ አለኝ» ሲል እግሩ ወለሉን ነክቶ አየሁት። ደግነቱ ቁልቁለቱ ለጥ ወደሚልበት ደርሰን ነበር፤ በትንሹ ማርሽ ታግሎ አዘገማት፣ ዘልዬ ወርጄ ታኮ አስገባሁ። ከዚያ የጅል ሥራ ሠራሁ። ጀሪካን ሙሉ ውኃ ይዤ ሮጬ የጋለው የፍሬን ታምቡር ላይ ቸለስሁበት። እንፋሎቱ ፊቴን ሲገርፈው ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የጋለ ታምቡር በራሱ ጊዜ ይበርዳል እንጂ ውኃ አይፈስበትም፤ ይህን አላውቅም ነበር። በማግሥቱ አለቃዬ ወቀሳ ይጀምረኛል ብዬ ስፈራ፣ ተኪውን ሾፌር እያየ «ውኃውን ይህ ልጅ አፈሰሰ፤ እሳቱን ያነደደው ማን ነው?» አለ።

ስለዚህ ወንድምሽ ግማሹን ነው ያወቀ። እግርሽ ፍሬኑ ዘንድ ይሁን ማለቱ ልክ ነው፤ ይንካው ማለቱ ግን ፍሬኑን ያቃጥላል፣ መብራትሽም ሁልጊዜ እየበራ ከኋላሽ ያለው መቼ የምር እንደያዝሽ እንዳያውቅ ያደርገዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትሽን ቀንሺና በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። የሚጮኸው እየያዘልሽ ስለሆነ ነው። ከ40 ሲያልፍብሽ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ጫኚና ወደ 30 አውርጂው፤ ከዚያ ፈጽመሽ ልቀቂው፣ ነፋስ ያግኘው። እንደገና ሲያልፍብሽ እንደገና።

እግርን ማዘጋጀት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የሚያጠራጥር ነገር ስታዪ ነዳጁን ትለቂያለሽ፣ ተረከዝሽ ወለሉ ላይ እንደተተከለ የእግርሽ ጣት ከፍሬኑ በላይ ያንዣብባል፤ አይነካም። ካላስፈለገ ወደ ነዳጁ ትመልሺዋለሽ፤ ምንም አልከሰርሽም። ካስፈለገ ግን እግርሽ ቀድሞ ደርሷል። በ40 ስትሄጂ በሴኮንድ 11 ሜትር ትቆርጫለሽ። ግማሽ ሴኮንድ ያተረፈች ሴት አምስት ሜትር ተኩል አተረፈች። አንቺ የተረፈሽ አንድ ክንድ ነው።

የሚያጠራጥር ነገር ምንድን ነው ብትይ ደሴ ሙሉ አለልሽ። ዳር ይዞ የቆመ ባጃጅ፦ ሾፌሩ ውስጥ ካለ ስፖኪዮ ሳያይ ይወጣብሻል። የቆመ ሚኒባስ፦ ከፊቱ በኩል አንድ ሰው ሮጦ ይሻገራል፤ ሰውዬው ሳይታይ እግሩ በመኪናው ሥር ይታያል፣ ዝቅ ብለሽ እዪ። አንድ በግ ከተሻገረ ዓይንሽን እሱ ላይ አታቆዪ፤ የቀሩት ይከተሉታል፣ ከእነሱም ኋላ ዱላ የያዘ ሕፃን አለ። ፒያሳ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ነጠላውን ወይም ጃኬቱን አናቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሻገረው። ግራ ቀኝ የሚያይልሽ የለም።

አሁን ወደ ጥፋትሽ ልምጣ። ጥፋትሽ አይሱዙው ነው። በጉም ውስጥ የሰው መብራት ምሪት ይሆናል ብለሽ ጀርባው ላይ ተለጠፍሽ፤ ስለዚህ የምታዪው መንገዱን ሳይሆን የእሱን ፓራፋንጎ ነበር። እሱ አህያውን አይቷል፤ አንቺ ያየሽው እሱ ዞር ሲል ነው። አለቃዬ ርቀት ያስተማረኝ እንዲህ ነው፦ ከፊትህ ያለው መኪና አንድ ድንጋይ ወይም ምሰሶ ሲያልፍ «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» በል፤ ሳትጨርስ ድንጋዩ ጋ ከደረስህ ቀርበሃል። ሁለት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፣ በኋላ በሰዓት ለክቼዋለሁ። አብሮን የሚሠራ የላሊበላ ሰው ነበር፣ እሱ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል፤ የእሱ ትንሽ ስለሚረዝም ሁልጊዜ ከእኔ ራቅ ብሎ ነበር የሚነዳ። በዝናብና በጉም ሁለት ጊዜ በዪው፣ ሳትቸኩዪ። ጉሙ ውስጥ ረጅም መብራት አታብሪ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንሽን ነው የሚወጋው፤ አጭሩ ይበቃል። በሚታይሽ ርቀት መቆም የማትችዪ ከሆነ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ የፍጥነት መለኪያው 25 ቢልም።

ከኋላ የሚጠጋሽን አትቆጪው፤ ለማበሳጨት ብለሽም ድንገት ፍሬን አትያዢ። ከፊትሽ ያለውን ክፍተት አስፊ፤ ያኔ ስትይዢ ቀስ ብለሽ መያዝ ትችያለሽ፣ እሱም የሚቆምበት ጊዜ ያገኛል። ልትይዢ ስትዪ ቀድመሽ አንዴ ሁለቴ መብራቱ እንዲበራ ያህል ነካ አድርጊለት። ቀጥ ያለ መንገድ ስታገኚ ዳር ይዘሽ አሳልፊው። ሞኝ ሁልጊዜ ከፊት ሲሆን ይሻላል፤ ይታያል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የድንጋጤ ፍሬንሽን ቁጠሪ። እኔ መንዳት ስጀምር አለቃዬ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ድረስ ስንት ጊዜ ደንግጬ እንደያዝሁ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ስንደርስ የዚያን ያህል ብርጭቆ ሻይ ከፋዩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደመወዜ በሻይ አለቀ። በመልሱ ደግሞ ከጣርማ በር ወርደን ደብረ ሲና እስክንደርስ ብቻ አራት ብርጭቆ የከፈልሁበት ቀን አለ።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦

ጋሼ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የመኪናዋን ነገር ነው።

የተንቀጠቀጠው መርገጫ አልተሰበረም፤ ኤቢኤስ ነው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ ፍሬኑን በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቅና ይይዛል፤ ድድድድ ያለሽ እሱ ነው። ጥቅሙ ፍሬን ይዘሽ እያለሽ መሪ እንዲታዘዝልሽ ነው። በዚያ ሰዓት መልቀቅ አይገባም፤ እስክትቆሚ ድረስ በሙሉ ኃይልሽ ረግጠሽ ያዢ፣ በመሪውም ወደ ክፍቱ ቦታ አምሪ። አንቺ በለቀቅሽበት ቅጽበት መኪናዋ ያለ ፍሬን ሄዳለች። ለልምምድ ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጊና በ30 እየሄድሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቀሽ ያዢ፤ እግርሽ ስሜቱን ይለምደው። ቁልፍ ስታዞሪ የኤቢኤስ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ወይም ከነጭራሹ ካልበራ ነይና እንየው፤ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ አምፖሉን የሚነቅሉ አሉ።

ስለ «ኤን»፦ የጦሳው ይቅር ይበለኝና ነዳጅ አይቆጥብም። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ፣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። «ኤን» ላይ ስታደርጊው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ይኖርበታል። ካርቡራተር ለነበራቸው ለድሮዎቹ ሊሠራ ይችል የነበረ ወሬ ነው።

ኦቶማቲክ ስለሆነች ማርሽ አይቀነስም ማለት አይደለም። የማርሽ ዘንጉ ሥር ያለውን ጽሑፍ እዪ። ከ«ዲ» በታች 2 እና «ኤል» ካለ፣ ሐረጎን በ2 ውረጂ፤ «ኤል»ን እጅግ ገደላማ ለሆነው ቁልቁለት፣ ፍጥነትሽን በደንብ ካወረድሽ በኋላ ብቻ። «ኤስ» እና «ቢ» ካለ ደግሞ «ቢ» ለቁልቁለት የተሠራ ነው። ግራ እግርሽን አርፎ እንዲቀመጥ አስተምሪው፤ በሁለት እግር መንዳት አትጀምሪ። ወንበርሽንም ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ጉልበትሽ ትንሽ እንደታጠፈ እንዲቀር አድርገሽ አስጠጊው። ብዙ ሴቶችም ወንዶችም ወደ ኋላ ተለጥጠው ይቀመጡና በጣታቸው ጫፍ ይረግጣሉ።

መርገጫው ወለል ድረስ ከገባብሽ ደጋግመሽ ቶሎ ቶሎ ምቺው፣ ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቢ፤ አልሆን ካለ ወደ ተራራው ጎን ተጠጊ። ግን እዚያ እንዳትደርሺ የፍሬን ዘይትሽን እዪ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቋቋማል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ እግርሽ ወለል ይነካል፣ ፍሬኑ አይይዝም።

አንድ ጥያቄ፦ የቅቤው ጠርሙስ የት ነበር?

መምህር ከቧንቧ ውሃ፦

የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ለተማሪዎቼ በዚህ መንገድ ምሳሌ እሰጣለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወረዳል። መኪናሽ ከእናትሽና ከእንቁላሉ ጋር 1,150 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ ስትወርድ የምታስረክበው ጉልበት 6.8 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል፤ ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስቤ ነው። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። ማርሽ ካልቀነስሽ የቀረው ሁሉ የሚገባው ከእጅ መዳፍ ብዙ በማይበልጡ ሸራዎች ውስጥ ነው። የጋሼ ኤንትሬ ከነተሳቢዋ 30 ቶን ብትሆን ሃያ ስድስት ጀሪካን ታፈላለች። እሳቱን ማን እንዳነደደው ያኔ ይገባል።

ደግሞም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 አምስት ሜትር የሚፈልግ ፍሬን በ60 ሃያ ይፈልጋል፣ ያውም እግር መርገጫውን እስኪያገኝ የሚያልፈው ሳይቆጠር።

የጦሳው፦

እሺ፣ በፎሌው ተረታሁ። ነገ በማርሽ ወርጄ አየዋለሁ። የአህያው ጉዳይ ግን የአህያው ጠባይ ነው፤ የእኛ ሰፈሮቹ ይሄዳሉ።

አዲስ ሾፌር ከሆጤ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ለእናቴ ሳነብላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ «የአለቃውን ነገር» እያለች።

ዘንጉ ሥር 2 እና «ኤል» አለ። አምስት ወር ሙሉ ያላየሁት ለምን እንደሆነ እንጃ። ማክሰኞ በ2 ወረድሁ፤ ሞተሩ ሲጮኽ መጀመሪያ ልቤ ፈራ፣ ከጥቂት ጥምዝ በኋላ ግን ፍሬኑን በየደቂቃው መፈለጌ ቀረ። የድንጋጤ ፍሬን ሁለት ቆጥሬያለሁ። አንዱ ከቆመ ባጃጅ ነው፤ ሾፌሩን ውስጥ አይቼው ነበር፣ አይወጣም ብዬ ገመትሁ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አንድ ተሳቢ ፍሬቻ ሳያሳይ ሲቆም ነው፤ እሱን በደንብ ቆጥሬ ርቄው ስለነበር ድንጋጤ ይባል አይባል አላውቅም። ሐሙስ አንድ።

ጋራዡ፣ የቅቤውን ጠርሙስ ስለጠየቅኸኝ ገርሞኛል። እናቴ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ አቁማው ነበር። ስንደርስ ፈልገን ያገኘነው በእኔ ወንበር ሥር፣ ወደ ፊት በኩል ነው። ፍሬኑ ሥር ቢገባ ኖሮ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ሁሉንም ዕቃ ከኋላ ጫንሁት።

የፍሬን ዘይቱን ከፍቼ አየሁት፤ የጀበና ቡና መስሏል። የኤቢኤሱ መብራት ግን በርቶ ይጠፋል።

ጋራዥ ኮምቦልቻ፦

ቡና ከመሰለ ብዙ ቆይቷል፤ አዲሱ ጠጅ መልክ ነው። ክዳኑን ዝጊውና ደግመሽ አትክፈቺው። ዘይቱን ራስሽ ገዝተሽ ነይ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዶት 3 ከሆነ ዶት 4 ብትገዢም ይሠራል። ጣሳው ያልተከፈተ፣ ከውስጥ የታሸገበት ወረቀት ያልተቀደደ ይሁን፤ የተጋመሰ አምጥተው ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነይ፤ ጎማውንም ፈትተን ሸራውን እናያለን። ስትመጪ በ2 ውረጂ።

አዲስ ሾፌር ከሆጤ፦

ቅዳሜ እመጣለሁ። እናቴም አብራኝ ልትወርድ ነው፤ ከኋላ ነው የምቀመጠው ብላለች።